በ5 ከ50 ውስጥ የሚሰጥ ፍርድ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ናይጄሪያን ገጠሙ። የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ላይ ነበርን፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያን ያህል ቀርበን አናውቅም። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ በናይጄሪያው ግብ ጠባቂ በቪንሰንት ኤንየማ እጅ ላይ ሳለች መስመሩን አለፈች ተብሎ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ዳኞቹ ግን ጎሉን አላጸደቁም። ከዕረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ቀዳሚ አደረገን፤ ኢማኑኤል ኢመኒኬ አንዱን በጨዋታ፣ ሁለተኛውን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በፍጹም ቅጣት ምት አገባና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ሲጨመርበት ሕልሙ አበቃ።

ያ ጎል ቢጸድቅ ኖሮ ብራዚል እንገባ ነበር ብዬ አልከራከርም። የሁለቱ ጨዋታ ድምር 4 ለ 1 ነው፤ በአንድ ኳስ የሚሞላ ጉድለት አልነበረም። እስካሁን የሚያብሰለስለኝ ፍርዱ የተሰጠበት መንገድ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኳሷ ሙሉ በሙሉ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም? ይህን የሚመልስ መሣሪያ በዓለም ላይ ነበረ። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ የግብ መስመር ቴክኖሎጂን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012፣ ከጨዋታው አሥራ አምስት ወር ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የአንድ አገር ተስፋ ከጎን መስመር በሚያይ ረዳት ዳኛ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ ጀርመን ውስጥ ሌላ ጉድ ተፈጠረ። ሆፈንሃይም ከባየር ሌቨርኩሰን ሲጫወቱ ሽቴፋን ኪስሊንግ በጭንቅላቱ የገጫት ኳስ ከግቡ ውጪ ሄዳ በጎን መረቡ ቀዳዳ ሾልካ ውስጥ ተገኘች። ዳኛው ጎል አሉ፤ 2 ለ 1 የሆነው ውጤትም ጸና። ስለዚህ ስሕተት የድሃ ሊግ ዕጣ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ከስሕተቱ በኋላ በተደረገው ላይ ነው፤ የጀርመን ክለቦች መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ ቴክኖሎጂውን ውድቅ አደረጉ፣ ኋላ ላይ እንደገና ተሰብስበው ተቀበሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015/16 የውድድር ዘመን ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ተከራክረው፣ ተሳስተው፣ አርመው ወሰኑ። እኛ የአዲስ አበባውን ኳስ ስናነሣ ስንጥል ቆየን እንጂ እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የሚያደርስ ክርክር አላደረግንበትም።

አሁን ግን ክርክሩን የሚያስገድድ ነገር መጥቷል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ «ፉትቦል ቪዲዮ ሰፖርት» የተባለ አዲስ አሠራር እየሞከረ ነው። እንደ ቫር የተለየ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ዳኞችና ብዛት ያላቸው ካሜራዎች አያስፈልጉትም። ጥቂት ካሜራ ባለበት ሜዳ ይሠራል። አሰልጣኙ ፍርዱ ተሳስቷል ብሎ ካመነ ለአራተኛው ዳኛ ካርድ ሰጥቶ ይጠይቃል፤ የመሐል ዳኛው ራሱ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ያያል። ለአንድ ቡድን በጨዋታ ሁለት ጥያቄ ይፈቀድለታል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው አይቆጠርበትም። በኮሎምቢያው ከ20 ዓመት በታችና በዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ ተሞከረ፤ ከዚያም የጣሊያን ሦስተኛ እርከን ሊግ ወሰደው። የገንዘብ አቅም የለንም የሚለው መልስ ከዚህ በኋላ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ አቋም ይህ አሠራር ይምጣ የሚል ነው። ነገር ግን ካሜራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ጥያቄውን ገና አላጠራንም። ይህ ጉድለት ከዋናው ሊግ ይልቅ ታች፣ ሊጉ ተጫዋቾቹን በሚያገኝባቸው ሜዳዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። እኔ የማውቀው ሜዳ የይፋት ቆላ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ብርዱ ከኋላ ይቀራል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዙሪያዋ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት የቀወት ቆላ ነው፤ ወደ ጀውሃ፣ ወደ ሰንበቴና ወደ አጣዬ በተሄደ ቁጥር አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ልጆቹም በአንድ ሜዳ ይጫወታሉ። ቀን በዚያ ሙቀት ኳስ አይታሰብም። ጨዋታ የሚጀመረው ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት፣ ሁሉም ለጎል የሚሯሯጥበት ጊዜ፣ ዓይን ከሚደክምበት ምሽት ጋር ይገጥማል። በኖራ የተሠመረው መስመር ዕረፍት ሳይደርስ በአዋራና በእግር ይጠፋል። ቋሚ አለ፤ አግዳሚው አንዳንዴ ገመድ ነው፤ መረብ ብዙ ጊዜ የለም። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ በቋሚው ጥግ በኃይል ያለፈች ኳስ በውስጥ ትለፍ በውጭ ከዳኛው በስተቀር ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን የየራሱን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እንግሊዞችም መረብ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1889 የሊቨርፑል መሐንዲስ የነበረው ጆን አሌክሳንደር ብሮዲ መረብን የፈለሰፈው ኤቨርተን ያስቆጠራት ጎል ገባች አልገባችም የሚል ጭቅጭቅ ካስነሣች በኋላ እንደሆነ ይነገራል። በእግር ኳስ ታሪክ የተከራካሪን አፍ የዘጋ የመጀመሪያው ቴክኖሎጂ መረብ ነው። ኤሌክትሪክም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ለአንድ ቀበሌ ውድድር ዋንጫና ማሊያ ተገዝቶ መረብ ሲቀር፣ የቀረው ጌጥ ሳይሆን ዋናው ዳኛ ነው።

መረብ ግን የሚመልሰው ኳስ ገባች ወይ የሚለውን ብቻ ነው። እንዴት ገባች የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ከባዱ ጭቅጭቅ ያለውም እዚያ ነው። በማዕዘን ምት ጊዜ ሦስት አራት ሰው በረኛው ላይ ይከመራል፤ አንዱ ፊቱ ይቆማል፣ አንዱ በጀርባው ይገፋዋል፤ ኳስ ስትመጣ በረኛው ሊዘል ሲል ክንዱ ይያዛል፤ ጎል ይሆናል። በይፋት ሜዳዎችም ሆነ በዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ አብዛኛው ተመልካች «በረኛ በ5 ከ50 ውስጥ አይነካም» ብሎ ይፈርዳል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ያቺ ትንሿ ሳጥን በረኛውን ከንክኪ የምትከልል ቅጥር አይደለችም። በረኛው ኳስ በእጁ ከያዘ፣ ወይም በእጁና በመሬት መካከል ካደረጋት፣ ወይም መሬት እያነጠረ ከሆነ ማንም ሊሻማው አይችልም፤ ይህም የትም ቢሆን በ16 ከ50 ውስጥ ይሠራል። ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ግን በረኛው እንደ ማንኛውም ተጫዋች ነው። አጥቂ የቆመበትን ቦታ ይዞ የመቆየት መብት አለው፤ የሚቀጣው በረኛውን ሲይዝ፣ ሲገፋ ወይም ሊጫወት ያልፈለገውን ኳስ ትቶ መንገድ ሊዘጋበት ሲንቀሳቀስ ነው። ከማዕዘን ምት በቀጥታ በምትመጣ ኳስ ደግሞ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በረኛው አፍንጫ ሥር መቆም በራሱ ጥፋት አይሆንም። ያቺ ኳስ በሌላ አጥቂ ከተነካች በኋላ ግን ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ቆሞ የበረኛውን ዕይታ በግልጽ የጋረደ ሰው ጎሉን ያሰርዛል። በአንዲት የማዕዘን ምት ውስጥ በሁለት ሰከንድ ልዩነት ሁለት የተለያዩ ሕጎች ይሠራሉ። ይህን ያላወቀ ተመልካች ዳኛው ተገዝቷል ቢል አልፈርድበትም፤ ማንም አላስረዳውም።

በረኛን የመጠበቅ ሐሳብም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የቦልተኑ ናት ሎፍትሃውስ የማንቸስተር ዩናይትዱን በረኛ ሃሪ ግሬግን ከነኳሱ ገፍቶ መስመሩን አሻገረው፤ ጎሉ ጸና፤ ቦልተን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዛሬ እንዲህ ያደረገ አጥቂ ካርድ ያያል።

በረኛን መንካትንና ጎልን መሰረዝን የሚያገናኘው ክር ከማንም በላይ የተፈተነበት ስፖርት ግን የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ለይፋት ቆላ ሰው በረዶ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ሩቅ ይመስላል፤ በትር ይዞ ኳስ መለጋት ግን ሩቅ አይደለም። ከቆላው ቀና ሲሉ በሚታየው የሰሜን ሸዋ ደጋ በልደት በዓል በቆልማማ በትር ሩር ይለጋል፤ በትሩም ጨዋታውም በዓሉም ገና ይባላል። በባህላዊው ገና በረኛም የተከለለ ሳጥንም የለም፤ ሩሯን የባላጋራን ዳር ያሻገረ ያሸንፋል። በትር ቅልጥም ያገኛል፣ ትከሻ ይጋጫል። መፍትሔው ሕግ ሳይሆን ምሕረት ነበር፤ በዚያን ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም፣ በሜዳ ላይ የሆነ ነገር ከሜዳ አይወጣም ይባላል። ይህ ለአንድ በዓል ቀን ድንቅ ሥርዓት ነው። ደመወዝ፣ ዝውውርና መውረድ ለተንጠለጠለበት ሊግ ግን አይበቃም። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽናችን ራሱ ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር ለውድድር ሲያቀርበው ሕግ ጽፎ ዳኛ አቁሞለታል። ውድድር በመጣ ቁጥር ምሕረት ቦታውን ለሕግ ይለቃል።

የሰሜን አሜሪካው ሆኪ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጻፈው ሕግ ከሁሉ የጠራ ይመስል ነበር። ከግቡ ፊት በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግማሽ ክብ አለ። ሆኪዎች እንደ ኳስ የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጎማ ሳትቀድመው አጥቂ እግሩን እዚያ ውስጥ ካስገባ ጎሉ ይሰረዛል፤ በረኛውን ይንካው አይንካው አይጠየቅም። ቪዲዮ ያያሉ፣ እግሩ ሰማያዊው ላይ ካለ ይሰርዛሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 1999 ዳላስና ቡፋሎ በስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ተገናኙ። ጨዋታው በአቻ ውጤት ሦስተኛ ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄደ። የዳላሱ ብሬት ሃል የበረኛው የዶሚኒክ ሃሼክ ደጃፍ ላይ ሆኖ አገባ፤ አንድ እግሩ ሰማያዊው ውስጥ ነበር። ጎሉ ጸና፤ ዳላስ ዋንጫውን አነሣ። ሊጉ ኋላ ላይ፣ ሃል ከመጀመሪያው ሙከራው ጀምሮ ጎማዋን ተቆጣጥሮ ስለነበር ይፈቀድለታል፣ ይህንንም በውስጥ ደብዳቤ ለቡድኖች አሳውቀናል አለ። የቡፋሎ ደጋፊ ደብዳቤውን አላየም። የውድድር ዘመኑን ሙሉ ከዚያ ባነሰ ምክንያት ጎል ሲሰረዝ ነው ያየው። ይህን ፍርድ እስካሁን ያልተቀበለው ለዚህ ነው፤ ለእኔም ፍርዱ በሕጉ ትክክል ሊሆን ቢችል እንኳ በአሠራሩ ጥፋት ነበር። ሕዝብ የማያውቀው ሕግ በፍጻሜ ጨዋታ ላይ ሊወጣበት አይገባም።

ከቀጣዩ የውድድር ዘመን ጀምሮ ሊጉ ያንን ሕግ ጣለውና ፍርዱን ለዳኛ ግምት ሰጠው፤ አጥቂው በረኛውን ሥራውን እንዳይሠራ አሰናክሎታል ወይ? በራሱ ፈቃድ ነክቶታል ወይስ ተከላካዩ ገፍቶ ጣለበት? ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ ግን አንዱ ዳኛ አዎ ያለውን ሌላው አይደለም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሰልጣኞች ይህን ፍርድ እንዲሞግቱ ተፈቀደ። ፍርዱ ከሜዳ ሜዳ ሲለያይ በ2018 የመጨረሻው ውሳኔ ቶሮንቶ ለሚገኝ አንድ ክፍል ተላለፈ። ከ2019/20 ጀምሮ ደግሞ ሞግቶ የተሸነፈ አሰልጣኝ ቡድኑ ለሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ሃያ ዓመት ፈጀባቸው። መጀመሪያ የመስመርን ጥራት አመኑ፣ ፍትሕ አጡ፤ ከዚያ የሰውን ግምት አመኑ፣ ወጥነት አጡ፤ በመጨረሻ ግምቱን አንድ ቦታ ሰበሰቡና ሙግትን ዋጋ አስከፈሉት። የእግር ኳሱ አዲስ አሠራር የአሰልጣኝ ጥያቄን ይዞ ሲመጣ ያንን መንገድ እየተከተለ ነው፤ እኛ ሃያውን ዓመት እንደገና መኖር የለብንም።

በአፍሪካ ያየነውም አለ። ግንቦት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ራዴስ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ኤስፔራንስና ዊዳድ ሲጫወቱ የዊዳድ የአቻነት ጎል ተሰረዘ። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይልን አሉ፤ መሣሪያው አይሠራም ነበር። ዊዳዶች ጨዋታውን አንቀጥልም አሉ፤ ነገሩ በዓለም አቀፉ የስፖርት ፍርድ ቤት በኩል አልፎ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ጸና። አለ ተብሎ የሌለ ካሜራ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ደግሞ ተከላካያችን ያሬድ ባየህ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት ገና በ12ኛው ደቂቃ በቫር ቀይ ካርድ አየ፤ በአሥር ሰው 1 ለ 0 ተሸነፍን። ፍርዱን አልነቅፍም። የምለው የእኛ ተከላካዮች በአገር ውስጥ ሊግ ጥፋታቸው ዳግም ታይቶ በማያውቅበት ሜዳ አድገው፣ በስክሪን የሚዳኝ ጨዋታን ከትልቁ መድረክ ላይ መልመድ እንደሌለባቸው ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ሱፐርስፖርት የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች ሲያስተላልፍ ተመልካቹ ድጋሚ ምስል አየ፤ ዳኛው ግን አላየም። ሸዋ ሮቢት ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ወጣት በአሥር ሰከንድ ውስጥ የሚያየውን ስሕተት ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ያያል። ይህ ለዳኛው በደል ነው፤ ክብሩን በአደባባይ እያጠፋንበት ነው።

ስለ ማብራሪያ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ስክሪን አይተው ሲመለሱ ውሳኔያቸውንና ምክንያቱን በማይክራፎን ለስታዲየሙ ተናገሩ። የሆኪ ዳኞች ይህን ከጀመሩ ቆይተዋል። ለእኛ ይህ ባዕድ ልማድ አይደለም። በይፋት ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር ሲያይ ሁለቱም ወገን ይሰማል፣ ከዚያ ፍርዱ ከነምክንያቱ በሁሉ ፊት ይነገራል፤ የተረታው ሰው ባይወደውም ለምን እንደተረታ አውቆ ይሄዳል። በኳስ ሜዳችን ግን ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ እጁን ዘርግቶ ዝም ይላል። ዝምታው ነው ጥርጣሬውን የሚወልደው። ኋላ ድንጋይ የሚያነሣው እጅም ብዙ ጊዜ መልስ ያጣ ጥያቄ ያለው ሰው እጅ ነው፤ ድንጋዩን አላጸድቅም፣ ጥያቄውን ግን አከብራለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የአሰልጣኝ ጥያቄ አሠራርን ሙሉ ሊጉን ሳይጠብቁ በጥቂት ሜዳዎች ላይ ይሞክሩት፤ ካሜራው የማይሠራበት ቀን ምን እንደሚደረግም ጨዋታው ሳይጀመር ጽፈው ለሁለቱም ቡድን ይስጡ። በበረኛ ላይ የሚደረግ ንክኪ መቼ ጎል እንደሚያሰርዝ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች በምስል አስደግፈው ለክለቦች፣ ለጋዜጠኞችና ለደጋፊ ማኅበራት ያሠራጩ፤ በውድድር ዘመኑ መካከል ትርጉሙን አይቀይሩ። ከፍ ያለ ጨዋታ ላይ የተሰጠ አከራካሪ ውሳኔ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የዳኞች ኮሚቴ ልክ ነበር ወይም ስሕተት ነበር ብሎ ከነምክንያቱ ይግለጽ። ስሕተት ነበር ማለት ዳኛውን ማዋረድ አይደለም፤ ሰው እንደሆነ ማስታወቅ ነው።

ለሸዋ ሮቢት ከተማና ለቀወት ወረዳ ስፖርት ኃላፊዎች፣ ለአጣዬና ለሰንበቴም ጭምር፣ የምለው ከዚህ ያነሰ ወጪ አለው። በሚቀጥለው የክረምት ውድድር ከዋንጫው በፊት ለእያንዳንዱ ሜዳ ሁለት መረብ ይገዛ። መስመሩ በዕረፍት ሰዓት እንደገና በኖራ ይሠመር። ጨዋታው ሳይመሽ እንዲያልቅ ይጀመር። ዳኛውም ጎል ሲሰርዝ ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ ለምን እንደሰረዘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራቸው።